ሽቅብና ድርቡ ሸራ

ሰውየው በልጅነቱ ቦይ ውስጥ የገባው ሰማይ ሲያይ ነው። ስድስት ዓመቱ ነበር። አውሮፕላን በላይ አለፈ፣ እሱ አንጋጦ ተከተለው፣ አውሮፕላኑ መንገዱን ቀጠለ፣ እሱ የሰፈሩ እጣቢ የሚወርድበት ቦይ ውስጥ እስከ ብብቱ ገባ። ያወጣችው በስድስት ዓመት የምትበልጠው እህቱ ናት። ስታወጣውም እሰይ ተረፍክልኝ አላለችም። መጀመሪያ በጥፊ አጮለችው፣ ቀጥላ አጠበችው፣ አጥባ ስትጨርስ «ሽቅብ» የሚል ስም አወጣችለት። ስም ከቤት ይወጣል፣ ጎረቤት ይቀበላል እንደሚባለው ሰፈሩ ተቀበለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከዚያ ወዲህ የሚያውቀው የመንግሥት ወረቀት ብቻ ነው።

ሽቅብ ከቦዩ በወጣ ማግስት ጠፈር እሄዳለሁ ማለት ጀመረ። እናቱ ክር ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ናት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማሽን ፊት ቆማ የኖረች። ልጇ ጠፈር እሄዳለሁ ባላት ቁጥር መጀመሪያ የጫማህን ክር እሰር ትለዋለች። እህቱ የጠፈሩን ወሬ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፈዋለች። ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋበት ቤት የገባችው ግን እሱ እንዲማር ነው። ይህን እሱም ያውቃል። የሚያውቀውን ነገር መርሳት ደግሞ ትልቁ ችሎታው ነው።

ተምሮ ምን ሆነ? ጠፈር የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአካባቢው ስላልነበረ የሱቅ ሰሌዳ ጻፊ ሆነ። ፀጉር ቤት በር ላይ ጭንቅላት ይስላል፣ ሥጋ ቤት በር ላይ በሬ ይስላል። አንድ ቀን የሣለው በሬ ከእውነተኛው በሬ አምሮ ተገኘና ሰው እስከ መንገዱ ጥግ ተሰለፈ። ሥጋው ያው የድሮው ጅማት ነበር። ሽቅብ ያን ቀን እንጀራው የት እንዳለ ገባው። ከሰሌዳ ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን እያለ በስተመጨረሻ የራሱ የማስታወቂያ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ቁጭ አለ።

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው አራተኛ ቢኖረው እዚያ ይሆን ነበር። ኮርኒሱን ጥቁር አስቀብቶ በነጭ ቀለም ኮከብ አስነጥቦበታል፤ ኮከቡን የቀባው ሠራተኛ አንገቱ ለሦስት ሳምንት አልዞረም። ከጠረጴዛው አጠገብ ሚዛን አለ፣ ጠዋት ጠዋት ጫማውን አውልቆ ይወጣበታል፤ ጠፈር ወፍራም አይወድም ይላል። ሠራተኞቹን «እናንተ ምድራውያን» ነው የሚላቸው። ሠራተኛ ጥሩ ሐሳብ ሲያመጣ ይሄ አይሆንም ይላል፣ በሳምንቱ ራሱ ያመጣዋል፣ ያኔ ይሆናል። ሚስቱንም አንድ ቀን ምድራዊት ነሽ ብሏት ነበር። እሷም እውነትህን ነው ብላ ሻንጣዋን ይዛ ምድር ላይ ወደሚኖሩት ወላጆቿ ሄደች። ልጅ አልነበራቸውም፣ ስለዚህ የሚጨቃጨቁበት ነገር አልቀረም።

አሁን ወደ ጉልበት ቅባቱ እንምጣ፣ ጠቡ ያለው እዚያ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ የጉልበት ቅባት ፋብሪካ ማስታወቂያ አዘዘው። ተዋናይ ጠራ። ተዋናይዋ ጉልበቷን ይዛ ስታቃስት የራባት እንጂ ያመማት አልመሰለችም። ሁለተኛ ጠራ፣ ያቺ ደግሞ ሳቋ መጣ። ሽቅብ ካሜራውን አንጠልጥሎ እናቱ ቤት ሄደ። እናቱ በዚያን ጊዜ ጉልበቷ ከድቷት አልጋ ላይ ነበረች፤ እህቱ ናት ደግፋ የምታስቀምጣት፣ ደግፋ የምታስተኛት። ለቤተሰብ አልበም ነው አላት። እናት ለአልበም ከሆነ ብላ ሻሿን አስተካከለች። እህትየው ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል ጠብቆ፣ እስቲ እማዬ ብቻሽን ለመነሣት ሞክሪ አላት። ሞከረች። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ካሜራው ቀለበው።

በሳምንቱ የከተማው ትልቁ አደባባይ ላይ ባለው ቢልቦርድ አሥራ ሁለት ሜትር ሸራ ተሰቀለ። እናቱ ጉልበቷን ይዛ፣ ፊቷ ተኮማትሮ፣ ከጎኗ የቅባቱ ቆርቆሮ፣ ከሥሯ ደግሞ «አልነሣም ብዬ ነበር፤ ተነሣሁ» የሚል ጽሑፍ። ቅባቱን አንድም ቀን ተቀብታ አታውቅም። በሁለተኛው ወር ሞተች። ከቀብር ሲመለሱ ለቀስተኛ የጫነው አውቶቡስ በአደባባዩ አለፈ። «ተነሣሁ» ትላለች ሟቿ፣ እዚያ ላይ ሆና። አውቶቡስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሹፌሩ እንኳ ፍጥነት ጨመረ።

እህቱ እንዲያወርዳት ለመነችው። ቅባቱ እንደ ጉድ እየተሸጠ ነው አላት። ደግሞስ ስንቱ ሰው ነው እናቱን ከሞተች በኋላ በየቀኑ የሚያያት ብሎ ጠየቃት። መልስ አልሰጠችውም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምንም ነገር መልስ ሰጥታው አታውቅም። ወደ ሥራ ስትሄድ ከአደባባዩ በፊት ባለው ፌርማታ ትወርድና በእንጨት መጋዘኖቹ ጀርባ ዞራ በእግሯ ትሄዳለች። ሃያ ደቂቃ ጠዋት፣ ሃያ ደቂቃ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ዓመት። ሽቅብ በበኩሉ እህቱ መኮሳተሯን እንደ አየር ጠባይ ነው የቆጠረው፣ ያልፋል ብሎ።

አላለፈም፣ የእሱ ሕልም ግን ደረሰ።

ባሕር ማዶ ሰውን በመንኮራኩር ሰማይ ጠርዝ አድርሶ የሚመልስ ድርጅት ተቋቁሞ ነበር። ማስታወቂያውን በዚህ አገር ቋንቋ እንዲሠራለት ሽቅብን አገኘው። በዚህ ሙያ ደንበኛ ሁሉ በጥሬ ገንዘብ አይከፍልም፣ ያለውን ነው የሚሰጥ። ፍራሽ ፋብሪካ ፍራሽ ይሰጣል፣ ብስኩት ፋብሪካ ብስኩት ይሰጣል፤ የሽቅብ ሠራተኞች አንድ ክረምት ሙሉ ብስኩት ሲበሉ ከርመዋል። ሽቅብ ለዚያ ድርጅት ሌላ ነገር አልፈልግም፣ አንድ ወንበር ስጡኝ አለ። ሰጡት። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሰው ሊያቅፍ ፈልጎ ቢሮውን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ምድራውያን ብቻ ነበሩ፣ ተወው።

ወንበሩ አንድ ወረቀት ተከትሎት መጣ። ተሳፋሪው ቢሞት ማንንም አልጠይቅም ብሎ የቅርብ ዘመድ መፈረም አለበት። የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት። ሽቅብ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ሁሉንም እየሰረዘ ሲወርድ መጨረሻው ላይ አንዲት ሴት ቀረችው።

የሸራ ቤቱ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ወለሉ ሙሉ ሸራ ተዘርግቶበት፣ ሰም ሰም፣ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል። እህቱ መሐሉ ላይ ቁጭ ብላ መዳፏ ላይ ቆዳ አስራ በትልቅ መርፌ የሸራ ጠርዝ ትሰፋለች። ሽቅብ ዓይኑን በጨው አጥቦ ገባ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፦

«ሸራው ላይ ቆመሃል።»

ጫማውን አወለቀ። ያኔ ብቻ ቀና ብላ አየችው። ነገሩን አስረዳት፤ ስለ መንኮራኩሩ፣ ስለ በረራው አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ስለ ልጅነት ሕልሙ። ስለ ቦዩም አነሣ፣ ታስታውሺ የለ እያለ። ወረቀቱን ተቀብላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እስከ መጨረሻው አነበበች።

«ቢሞት አልጠይቅም ነው የሚለው?»

«ባጭሩ እንደዚያ ነው፣ እትዬ።»

«ይህንንማ ለመፈረም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝግጁ ነበርኩ።»

እስክሪብቶውን ተቀበለችው። ከዚያ መልሳ ሸራው ላይ አስቀመጠችው። «መጀመሪያ እማዬን አውርዳት» አለች።

ሽቅብ ከቅባት ፋብሪካው ጋር ያለው ውል ገና ዓመቱ ሲያልቅ እንደሚያልቅ ሊያስረዳት ሞከረ። እሷ ወደ መርፌዋ ተመልሳ ነበር። መርፌው ሸራ ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ አለ፣ ጥስስ የሚል። ሦስት አራት ጊዜ ጥስስ ካለ በኋላ ሽቅብ እሺ አለ፣ ነገ ትወርዳለች። እንግዲያው ነገ እፈርማለሁ አለችው።

አሁን ስለ ቢልቦርድ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህ ሙያ ሰዎች የተሰቀለ ሸራ አያወርዱም። አዲሱን በአሮጌው ላይ ነው የሚወጥሩት፤ አሮጌው ለአዲሱ ትራስ ይሆንለታል፣ ነፋስ ሲመጣም ሆዱን አይነፋውም። የማውረድ ሥራ ደግሞ ቀን ይፈጃል፣ ክሬን ይፈልጋል። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ያለ ቢልቦርድ ሁሉ እንደ ሽንኩርት ነው፣ ላዩን ብትልጠው ሌላ አለ። ከእናትየው ሥር ስድስት ሸራ ነበር፣ ሳሙናም፣ ቢራም፣ ኢንሹራንስም። ሽቅብ ማውረድ ማለት ምን ማለት ነው ብሎ ራሱን ጠየቀ። ማውረድ ማለት ሰው እንዳያየው ማድረግ ነው ብሎ ራሱ መለሰ። ደግሞም ከጠፈር ሲመለስ የላዩን ገፎ እናቱን ለቀሪው ውል ያወጣታል፣ ፋብሪካውም አይቀየም። ሁሉም ደስ ይለዋል። እህቱም፣ ካላወቀች።

ሸራ የሚሰቅለው ሰው ድመት ይባላል፤ ብረቱ ላይ ሲወጣ ድምፅ ስለማያሰማ ነው። አዲሱን ሸራ ተሸክሞ ከወጣ በኋላ ከላይ ሆኖ፣ የበፊቱን ላውርደው እንዴ ጋሼ ብሎ ጠየቀ። ሽቅብ ምን አስጠየቀህ አለው።

«አይ፣ እናትዎ ናቸው ብዬ ነው» አለ ድመት።

ሥራህን ሥራ ተባለ፣ ምድራዊነቱም ተጨመረለት። ድመት ወጠረው። አዲሱ ሸራ ላይ ሽቅብ ራሱ ነው ያለው፤ የጠፈር ባርኔጣ አጥልቆ፣ ጥርሱን ገጥሞ፣ «እኔ ወጣሁ፤ እርስዎስ?» ይላል። ጥርሱ አንድ አንዱ የበር ያህል ነው። ሽቅብ ከፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ አነሣና ለእህቱ ወሰደላት። ፎቶው ውስጥ እናትየው የለችም። እህቱ ፎቶውን ለብዙ ጊዜ ያዘችው፣ ወንድሟን ለማየት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ከዚያ ፈረመች። ፊርማዋ ስሟ ሙሉው ነው፣ በስምንተኛ ክፍል ጽሕፈት።

ሽቅብ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። እዚያ አሥር ቀን አሠለጠኑት። በሚሽከረከር ወንበር ላይ አሥረው አዞሩት፣ ሦስት ጊዜ አስታወከ፣ ሦስቱንም ጊዜ ካሜራ ካለ ብሎ አውራ ጣቱን አነሣ። ላይ ሲደርስ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ዓመት ነው ያዘጋጀው። ክብደት የሚጠፋባቸው አራት ደቂቃዎች ሲመጡ መስኮቱ ጋ ተንሳፍፎ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ፣ በተመጠነ ድምፅ የሚላት ነገር ናት። ለማንም አልተናገራትም፣ እንዳትሰረቅ። ስርቆትን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

የመሄጃው ቀን ጠዋት ስልካቸውን ሁሉ ሰብስበው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉት፤ የሚመለሰው ማምሻውን ነው። ቀጥሎ ማንም ያልነገረው ደንብ መጣ። የፈረመው ዘመድ በዚያው ጠዋት በስልክ ይጠየቃል፣ ሁሉም እየሰማ፣ ዛሬም በፈቃድህ ላይ ነህ ወይ ተብሎ። እንቢ ካለ ተሳፋሪው ልብሱን አውልቆ ወደ ቤቱ ነው። ተሳፋሪዎቹ አምስት ናቸው። የመጀመሪያው ሚስት እያለቀሰች እሺ አለች። የሁለተኛዋ አባት ልጄ ቁርስ በልታለች ወይ ብሎ ጠይቆ እሺ አለ። የሽቅብ ተራ ደረሰ። የዚህን አገር ቋንቋ የምትናገር የድርጅቱ ወኪል ነበረች፣ ደወለች።

እህቱ አነሣችው። ከጀርባዋ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል፣ የሸራ ቤት ድምፅ አይደለም። ወኪሏ ወንድምዎ ዛሬ እንዲሄዱ ይፈቅዳሉ ወይ ብላ በትሕትና ጠየቀቻት።

«ሽቅብ» አለች እህቱ። «ሸራው ድርብ ነው።»

ሽቅብ የለበሰው የጠፈር ልብስ ውስጥ ላብ ሲወርድ ተሰማው፣ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቱ። እንዴት አወቀች? ያን ዕለት ጠዋት እህቱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶቡሱ ላይ ቁጭ ብላ ቀርታ ነበር። ከሩቁ ፌርማታ አልወረደችም፣ አደባባዩ ላይ ወረደች፣ እንደ ሰው ልታልፍበት። ቀና ስትል ነፋስ መጣ። ነጠላ ሸራ በነፋስ ሲመታ ያጨበጭባል፤ ያኛው አላጨበጨበም፣ እንደ ጠገበ ሆድ ከበድ ብሎ ተንፈስ አለ። ከአርባ ዓመት በላይ ሸራ የሰፋች ሴት ናት። ወደ ጎን ዞራ ጠርዙን አየችው፣ ቀለበቶቹ ድርብርብ ናቸው። ከሥር ያለው ጠርዝ ላይ የእናቷ ሻሽ ጫፍ ይታያል፣ ሰማያዊው። ድመት እዚያው አጠገብ ሌላ ቢልቦርድ ላይ ነበር፣ ጠራችውና ጠየቀችው። ድመት መዋሸት ቢፈልግ ኖሮ ከላይ አይሠራም ነበር። ለነገራት ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ነው ስልኳ የጮኸው።

«እትዬ፣ ስመለስ እኔ ራሴ…» አለ ሽቅብ።

«ዝም በል። ሴትዮዋን ነው የማናግረው።» ከዚያ ወደ ወኪሏ ዞረች። «እሜቴ፣ እዚያ ላይ ስልክ ይሠራል?»

አይሠራም አለች ወኪሏ፣ ስልካቸውን ራሱ የሚያገኙት ማታ ነው።

«እስከ ማታ?»

«እስከ ማታ።»

«ከመሬት ሰው ቢፈልግ አያገኘውም? እሱም ከመሬት ሰው አያገኝም?»

«አያገኝም።»

«እንግዲያው ይሂድ» አለች እህቱ። «በደንብ ይሂድ።»

ወኪሏ ይህን እንደ ምርቃት ተርጉማ ለባልደረቦቿ ነገረች፣ አጨበጨቡ። ሽቅብ ስልኬን ለሁለት ደቂቃ ስጡኝ ብሎ ለመነ፣ ለሠራተኛዬ አንዲት ነገር ልንገር አለ። ደንብ አይፈቅድም ተባለ። አንድ ሐኪም መጥቶ የልቡን ምት ለካውና ደስታ ነው ብሎ ሄደ። አንስተው አስገቡት፣ አሰሩት፣ በሩን ዘጉት።

እንግዲህ ሄደ። ከቦዩ ጀምሮ አርባ ስድስት ዓመት የጠበቀው ነገር ይህ ነው። መንኮራኩሩ አንቀጠቀጠው፣ ወንበሩ ላይ ለጠፈው፣ ፊቱ ወደ ጆሮው ሸሸ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ማሰሪያው ተፈታ። ሽቅብ ተንሳፈፈ። ከጎኑ ያለው ሰውዬ ያለቅሳል፣ እንባው አይወርድም፣ ዓይኑ ላይ እንደ ብርጭቆ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንዲት ሴት ትስቃለች። መስኮቱ ውጪ ጨለማ አለ፣ ከጨለማው ሥር ደግሞ ምድር፣ ሰማያዊ ሆና፣ ጠርዟ ጎብጦ፣ ደመናዋ እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ። ሰው ያን አይቶ ይለወጣል ይላሉ።

ሽቅብ አፍንጫውን መስኮቱ ላይ ለጥፎ አደባባዩን ይፈልግ ነበር። አህጉር አየ፣ ባሕር አየ፣ በረሃ አየ፣ አሥራ ሁለት ሜትር ሸራ ግን አላገኘም። ከተማው ያለበት ጎን መሆኑን እንኳ አላወቀም። እዚያ ታች አንድ ቦታ ድመት ገመድ እየፈታ ነው። ይኼኔ አንዱን ጎን ጨርሷል። ይኼኔ ሁለተኛውን። ለመጮኽ አሰበ፣ ለማን? አራቱ ደቂቃ አለቀ። ካሜራው በአራቱም ደቂቃ ውስጥ የቀረጸው ማጅራቱን ነው። ሁለት ዓመት የተዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር ሳትነገር ተመልሳ ወረደች፤ ምን እንደነበረች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፣ የቀረበትም የለም።

ድመትን በተመለከተ መጀመሪያ ፈርቶ ነበር። ጋሼ ቢደውሉስ ብሎ ጠየቃት። የሄደበት ስልክ አይሠራም አለችው። ርግጠኛ ነዎት አለ። ሴትዮዋን ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ አለችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ያን ጊዜ ነው፤ ድመት ምድራዊ እያሉ ሲሰድቡት የኖረበትን ሁሉ እየቆጠረ ወጣና ገመዱን ፈታ። ክሬን ሳይኖር፣ በገመድ ብቻ፣ እሷ ከሥር ሆና እየተቀበለች እያጠፈች። ሸራ ማጠፍ ለእሷ አልጋ እንደ ማንጠፍ ነው። የሥሮቹን ስድስቱን ድመት ለቤቱ ጣሪያ ወሰደ። ማታ ሽቅብ ስልኩን ሲያገኝ ሰባት ጊዜ ደወለለት። ድመት አንሥቶ፣ ጋሼ እኔ ሥራ ቀይሬያለሁ አለውና ዘጋው።

ሽቅብ ተመለሰ። አውሮፕላን ማረፊያ የጠበቀው አንድ ጋዜጠኛ ነው፣ እሱም ሌላ ሰው ሊቀበል የመጣ። ታክሲ ይዞ በአደባባዩ አለፈ። ብረቱ ባዶውን ቆሟል። በብረቱ መሐል ከጀርባ ያለው ፎቅ ይታያል፣ አንዲት ሴት በረንዳዋ ላይ አንሶላ ታሰጣለች። ያ ፎቅ እዚያ መኖሩን እንኳ ሽቅብ አያውቅም ነበር። ሹፌሩ፣ ምነው ይሄ ቦታ ዛሬ ሰፋ አለብኝ አለ።

ቀጥታ ሸራ ቤት ሄደ። በሩ ላይ ደርሶ ጫማውን አወለቀ፣ ለምን እንዳወለቀ ሳያውቅ። ድመት ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ገመድ ይገምዳል፣ ቀና ብሎም አላየው። እህቱ ማሽን ላይ ነበረች።

«የታለች?» አላት።

«ቤት። ተኝታለች።»

«እንዴት ተኝታለች?»

«አጥፌ ቁም ሣጥን ላይ አስተኝቻታለሁ። ዘጠኝ ዓመት በፀሐይና በዝናብ ቆማ፣ ጉልበቷን ይዛ። ደክሟት ነበር።»

ሽቅብ ፋብሪካው እንደሚከስሰው ነገራት። ይክሰስ አለች። ድርጅቴ ይዘጋል አላት። ማሽኑን ረገጠች። እንዲያው ለመናገር ያህል ይሁን ወይ ከልቡ አይታወቅም፣ አንዴ ልያት አላት።

«ዘጠኝ ዓመት አይተሃታል» አለችው።

ከዚያ ስለ ራሱ ጠየቀ። ሽቅብ ነውና ሳይጠይቅ አይሄድም። የእኔስ ሸራ የት ሄደ አላት። ያንተማ ጥሩ ሸራ ነው አለች፣ አዲስ ነው፣ ወፍራም ነው፣ የከተማው ቆሻሻ የሚያነሣው መኪና ክዳኑ ተቀዶ ነበር፣ ለእሱ ሰፋሁለት። ሽቅብ ወንበር ፈለገ፣ ወንበር አልነበረም። ቢያንስ ሥዕሉን ወደ ውስጥ አድርገሽ ብትሰፊው ምን ነበረበት አላት፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ቀለም ያለው ጎን ውሃ አያሳልፍም» አለችው፣ ዓይኗን ከስፌቱ ሳትነቅል። «ወደ ውጪ ነው የሚሰፋው። ሙያ ነው፣ አይቀየርም። ሽቅብ ቢተፉ ተመልሶ ባፉ ይላሉ፣ አንተ ደግሞ እንዲያ ሩቅ ሄደህ ነው የተፋኸው።»

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። ፋብሪካው ከሰሰና ውሉን ቀማው፣ ድርጅቱ ግን አልተዘጋም፤ እየተንፈራገጠ አለ። ሽቅብም ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከኮከቦቹ ሥር አለ። ሚዛኑ ላይ መውጣት ትቷል። እህቱ አሁን አደባባዩ ላይ ትወርዳለች፣ ሃያ ደቂቃዋን እንቅልፏ ላይ ጨምራዋለች። ወንድሟን አታናግረውም፣ እሱም ሸራ ቤት ዳግም አልሄደም፤ የሚፈረም ወረቀት የለውም።

ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ግን የቆሻሻ መኪናው መጥቶ ከሕንፃው በር ፊት ይቆማል። ከላዩ ላይ ሽቅብ አለ፣ ባርኔጣውን እንዳጠለቀ፣ አንዱ ጉንጩ በቀኝ ጎን አንዱ ጉንጩ በግራ፣ ጥርሶቹ በኋላ በኩል ተገጥመው፣ ዝንብ እየከበበው። «እኔ ወጣሁ» የሚለው ሳይቆረጥ ተርፏል። ሠራተኞቹ ያን ጊዜ መስኮት ዳር የሚሠራ ሥራ ይበዛባቸዋል። ማንም አይስቅም፣ ሥራ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ቅርጫቷን ይዛ በሩን በቀስታ ታንኳኳለች። የተጣለ ወረቀት ካለ ልትወስድ ነው። አንገቷን አስገብታ፣ በአክብሮት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትነግረዋለች፦

«ጋሼ፣ መጥተዋል።»